የአባባ ኑዛዜ 600 ብር፣ የእማዬ ኑዛዜ 4,000 ብር

የጠበቃው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው 46 ነው። ወድጄ አልቆጠርኩትም። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት በየአምስቱ ደረጃ እየቆመች «ስንት ቀረ?» ስትለኝ ነው የቆጠርኩት። ደንበኞቹ በአብዛኛው ሽማግሌና አሮጊት የሆኑበት ጠበቃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ሲከራይ ምን አስቦ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ለዚህ ብቻ ከመቶ ስምንት ነጥብ ቀንሻለሁ።

አስተማሪ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ነጥብ ሳልሰጥ ስለምንም ነገር ማውራት አልችልም፤ ልማድ ሆኖብኛል። ባለፉት ዓመታት ቤተሰባችን ከኑዛዜና ከውርስ ጋር በተያያዘ ሁለት ቦታ ገንዘብ ከፍሏል። አንዱ ወድቋል፣ አንዱ አልፏል። የሁለቱንም ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ሰው ዛሬም በዚያው ሥራ ልጆቹን ያሳድጋል፣ እንጀራውን መዝጋት አልፈልግም። ሁለተኛውን ልጥቀስህ ወይ ብዬው «ተዪው» ብሎኛል።

በወደቀው ልጀምር።

አባባ የሞረትና ጅሩ ሰው ናቸው። እነዋሪ አካባቢ እያረሱ፣ ሰንጋ እያደለቡ ነው ያሳደጉን። የጅሩን ሰንጋ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠባሴ ያለውን ቤታችንንም የሠሩት በሰንጋ ነው፤ አንዱን ሸጠው ግድግዳውን፣ ሌላውን ሸጠው ቆርቆሮውን። ዓይናቸው ሲደክም እርሻውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው እኛ ጋ ደብረ ብርሃን ገቡ። ሲያሟቸው ያስታመመቻቸው የመጨረሻዋ እህታችን ናት። ሥራዋን ትታ ነው። እሳቸውም ከጓሮ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ለእሷ ሊያወርሱ ፈለጉ። በሕይወታቸው ለይተው የሰጡት ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው። አራት ልጆች ነን።

አንድ ራፖር ጸሐፊ ቤት ድረስ አስመጣን። 600 ብር ተቀበለን። እኔ እንኳ ርካሽ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አባባ ተናገሩ፣ እሱ ጻፈ። ጽሑፉ ያምራል፤ «በሕግ አምላክ»ም አለበት፣ «ከፈጣሪ በታች»ም አለበት። አራት ምስክር ጠርተን ነበር፦ ሁለት ጎረቤት፣ የነፍስ አባታቸው፣ የእድራችን ዳኛ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። የእድሩ ዳኛ ቀብር ገጠማቸውና ሳይመጡ ቀሩ። ጸሐፊው «ችግር የለውም፣ ሰኞ ያስፈርሟቸው» አለን። ሰኞ ወረቀቱን ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ፈረሙ። ሐቀኛ ሰው ስለሆኑ ከፊርማቸው ሥር የሰኞን ቀን ጻፉ።

ኑዛዜውን የጣለችው ያቺ ቀን ናት።

አባባ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ አረፉ። አርባቸው እስኪወጣ ማንም ስለ ንብረት አላነሳም። ተዝካሩ አለፈና ኑዛዜው ተነበበ። ሸዋ ሮቢት የሚነግደው ታላቅ ወንድማችን ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ምንም ሳይል በስልኩ ፎቶ አነሳው። እኛ ለማስታወሻ መስሎን ነበር። በሳምንቱ «ይህ ኑዛዜ አይሆንም፣ ጠይቄያለሁ» ብሎ ደወለ። ቤቱ ታመሰ። እህቴ እንጀራ አልበላ አላት።

46ቱን ደረጃ የወጣነው ያኔ ነው።

ጠበቃው ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ዝምተኛ ልጅ ነው። ወረቀቱን ሲያነብ እኛ ትንፋሻችንን ይዘን አፉን እናያለን። የጠየቀን የመጀመሪያው ጥያቄ «አራታችሁም ልጆች ሰላም ናችሁ ወይ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «አባታችሁ መጨረሻ የሚኖሩት የት ነበር?» ይህን ለምን እንደጠየቀ ያልገባን ሰዎች ነበርን፤ ምክንያቱም ቀደም ብለን በደነባ በኩል ሁለት ጊዜ እነዋሪ ተመላልሰን መዝገብ ልናስከፍት ሞክረናል። ለካ ውርስ የሚከፈተው ሟች ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። የሁለት ቀን ፈቃድና የመኪና ሒሳብ ከሰርን። ራፖር ጸሐፊው ይህንንም አልነገረንም።

ሦስተኛው ጥያቄ ክፍሉን ጸጥ አደረገው። «ሟች ከእናንተ ሌላ ልጅ አላቸው?» ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም እኩል ወራሽ ስለሆነ መጠየቅ አለበት። ግን እኮ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች! እማዬ ጋቢዋን አስተካከለችና «እኔ የማውቀው የለም። አንተ የምታውቀው ካለ ንገረኝ» አለችው። የሳቀው መጀመሪያ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ተስማሙ።

ኑዛዜውን በሁለት ደቂቃ ገደለው። የእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ የ1952 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 881ን አውጥቶ አሳየን። ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ ራሱ ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ተናዛዡና ምስክሮቹ እዚያው ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት አሻራ ማድረግ አለባቸው። የእኛ ወረቀት ላይ «ተነበበ» የሚል ቃል የለም። አራተኛው ምስክር ደግሞ የፈረሙት በሁለተኛው ቀን ነው፤ ያውም በገዛ እጃቸው ቀኑን ጽፈው።

እህቴ ማልቀስ ጀመረች። «እሳቸው እኮ ፈልገው ነው!» አለች። እሱም «አውቃለሁ። ግን ሕጉ የሚያየው ወረቀቱን ነው» አላት። ቀጥሎ የተናገረውን አልረሳውም፦ «ልከራከርላችሁ እችላለሁ። ገንዘባችሁን እወስዳለሁ፣ ዓመት ይፈጃል፣ ኑዛዜው ግን አይቆምም። ከወንድማችሁ ጋር ብትስማሙ ይሻላል።» ከእኛ የሚያገኘውን ትልቁን ክፍያ በገዛ አፉ መለሰው። እኔ ነጥብ የሰጠሁት እዚህ ላይ ነው።

ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። አለቀ። ያስታመመ፣ ያላስታመመ የለም። ታላቅና ታናሽ የለም። ሴትና ወንድም የለም፤ እሱ ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ እማዬ «እኔስ?» አለች።

«እማማ፣ እርስዎ ወራሽ አይደሉም» አላት።

እማዬ አባባን ያገባችው በ15 ዓመቷ ነው። በትዳር ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ነበር የቀራቸው። ፊቷ ሲቀየር አየሁ። እሱም አየ መሰለኝ፣ ነጭ ወረቀት ሳበና ክብ ሣለ። «ይኸ እንጀራ ነው» አላት። መሐሉን ሰነጠቀው። «ይኸኛው ግማሽ የእርስዎ ነው። ማንም አያወርስዎትም፤ በጋብቻ ውስጥ አብራችሁ ያፈራችሁት ስለሆነ ድሮም የእርስዎ ነው። ውርስ የሚባለው ይኸኛው ግማሽ ብቻ ነው። እሱን ነው አራቱ ልጆች የሚካፈሉት።»

እማዬ እንጀራውን አየችው። «እንግዲያ ወራሽ አይደለሽም ለምን ትለኛለህ? ባለቤት ነሽ አትለኝም?»

ልክ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚመጡት እናቶች ሁሉ በእሷ አነጋገር እንደሚነግራቸው ነግሮኛል። እኔም ሒሳቡን ልጻፈው፤ የቤቱ ግማሽ የእማዬ፣ የቀረው ግማሽ ለአራት፣ እያንዳንዳችን አንድ ስምንተኛ። ተማሪዎቼ ክፍልፋይ ምን ያደርግልናል ሲሉኝ ከእንግዲህ መልስ አለኝ።

የእነዋሪው እርሻ ሌላ ታሪክ ነው። የይዞታ ደብተሩ በሁለቱም ስም ነው፣ የሁለቱም ፎቶ አለበት። መሬት አይሸጥም፤ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው። እሱም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ ሳይሆን በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ነው የሚታየው። ጠበቃው «ይኸን ከቤቱ ጋር አትቀላቅሉት» ብሎ ለብቻው አቤቱታ ጻፈልን። እሱ ገና በሂደት ላይ ስለሆነ አልፈርድም።

ወንድሜ ለስምምነት ከሸዋ ሮቢት መጣ። ቆላ የለመደ ሰው ነው፣ በደብረ ብርሃን ብርድ እየተንቀጠቀጠ ገባ። አመጣጡ ግን ባዶ እጁን አልነበረም። «አባባ ሊሞቱ ሲሉ በረት ያለውን ሰንጋ ለአንተ ብለውኛል» አለ። የቃል ኑዛዜ መሆኑ ነው።

ጠበቃው ሳቁን ዋጠ። የቃል ኑዛዜ በሕጉ አለ። ግን ሁለት ምስክር ፊት መነገር አለበት። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ይፈርሳል። ለአንድ ሰው መስጠት የሚቻለውም እስከ 500 ብር የሚያወጣ ነገር ነው። ሕጉ ሲወጣ የተቀመጠ ቁጥር ነው፣ ዛሬ አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ አይገዛም። «ስንት ያወጣል ሰንጋው?» ብሎ ወንድሜን ጠየቀው። ወንድሜ ነጋዴ ነው፤ ዋጋ ሲጠየቅ ዝም ማለት አይችልም። «ከመቶ ሺህ አይወርድም» አለ። ተናግሮ ሳይጨርስ ገባው። እማዬ በጋቢዋ አፏን ሸፈነች።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። ቀሪዎቻችን በሰርቪሶቹ ላይ ያለንን ድርሻ ለእህታችን ለቀን፤ እሷም ለታላቅ ወንድማችን የድርሻውን ግምት በየወሩ ልትከፍለው ተስማማች። እማዬ የራሷን ግማሽ አላነሳችም። የክፍፍል ስምምነቱን ጻፈው። በነገራችን ላይ ከተስማማችሁ ውርሱን የምታጣሩት ራሳችሁ ናችሁ። ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤት የውርስ አጣሪ ይሾማል፣ የልፋቱ ዋጋም ከውርሱ ይወጣል። የወራሽነት ማረጋገጫውን ለማውጣት የሞት ምስክር ወረቀት፣ ሁለት ምስክርና ብዙ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሦስት ቀጠሮ ነበረን። አንዱ «ዳኛው ስብሰባ ናቸው» ተብሎ ተላለፈ። አባባ ባንክ የነበራቸው ገንዘብ የወጣው ማረጋገጫው በእጃችን ከገባ በኋላ ነው። ለዚህ ሁሉ 18,000 ብር ከፈልን፣ በሁለት ጊዜ። ለአራት ሲካፈል አላጣውም። ለብቻዬ ቢሆን ግን የደሞዜን መጠን እናንተው ታውቁታላችሁ።

አሁን ወቀሳዬን ላስቀምጥ። ስልክ አያነሳም። ችሎት ባለበት ቀን ጭራሽ አትሞክሩ። ማታ በአራት ሰዓት በቴሌግራም ይመልሳል፤ ያውም በአንድ ቃል፦ «ነገ»። ስድስት ነጥብ። ለመጀመሪያው ክፍያ ደረሰኝ አልሰጠንም፤ ጠይቄ፣ ደግሜ ጠይቄ በሁለት ሳምንቱ ነው ያገኘሁት። አራት ነጥብ። ከደረጃው ስምንት ጋር 18 ሆነ። 82 አገኘ ማለት ነው። እኔ ክፍል ውስጥ 82 የሚያገኙት ጎበዞች ናቸው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ለሁለተኛው ሥራው ነው። በዓመቱ እማዬ «የእኔንም አሁን ይጻፍልኝ፣ እናንተን አላምንም» አለች። እኔ መጀመሪያ «ለምን 4,000 ብር እንከፍላለን፣ እኔ እጽፍልሻለሁ» ብያት ነበር። የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ለጠበቃው ስነግረው እጁን አወናጨፈ። ያለ ምስክር የሚቆመው ተናዛዡ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ የጻፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን የገለጸበት፣ በየገጹ ቀን ጽፎ የፈረመበት ነው። እሱም በሰባት ዓመት ውስጥ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። እማዬ ስሟን መጻፍ የቻለችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ እንደገና 46ቱን ወጣን።

ይዛ የመጣችው ሐሳብ አንድ ነበር። «ያንን ልጅ ከውርሴ ንቀልልኝ» አለችው። ታላቅ ወንድሜን ነው። የሰንጋው ነገር አልወጣላትም። ያ ኑዛዜ ሲፈርስ የእህቴን ልቅሶ አይታለች።

እኔ ይመክራታል ብዬ ጠበቅኩ። «እናት አይደሉ፣ ይቅር ይበሉት» ይላታል ብዬ። ሽማግሌዎቻችን እንዲያ ነው የሚሉት። አላለም። እስክሪብቶውን አነሳ። «እሺ እማማ። ልጅ ከውርስ ሲነቀል ምክንያቱ ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ሰበቡን ይንገሩኝ፣ እንዳሉኝ እጽፋለሁ።»

«እንዴት ተብሎ ይጻፋል?»

«እርስዎ እንዳሉት። ‹ልጄ እከሌ እንዲህ ስላደረገኝ› ተብሎ። ፍርድ ቤትም ቢደርስ ምክንያቱ ልጅን የሚያስነቅል ነው ወይ ብሎ ያየዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በአራቱ ምስክሮች ፊት ጮክ ብሎ ይነበባል።»

እማዬ የጋቢዋን ጥለት መቁጠር ጀመረች። «የነፍስ አባቴም ምስክር ናቸው።»

«ይሰማሉ።»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከታች የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። እኔ ልናገር ስል እሱ በዓይኑ ከለከለኝ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ሰዓቱን አላየም፣ ወረቀት አላገላበጠም። ዝም ብሎ ጠበቃት። እኔ ተማሪ ሰሌዳ ፊት አቁሜ ይህን ያህል ጠብቄ አላውቅም።

«ምን ብዬ አስጽፋለሁ?» አለች በመጨረሻ። «አባቱ ሞተው አዝኖ ነበር። ብርም ቸግሮት ነበር፤ ሱቁ ተቃጥሎበት። ይኸ ይጻፋል?»

«ካሉ ይጻፋል።»

«ተወው። ይቀመጥ።»

ሌላ የተናገረው ነገር የለም። ወደ ቀጣዩ መስመር ሄደ። ማነው የነፍስ አባትዎን፣ ማነው ምስክሮቹን የጋበዘው፣ ከእነሱ ውስጥ ከኑዛዜው የሚያገኝ ሰው አለ ወይ፣ እያለ ጠየቀ። አንዷ ጎረቤታችን የእማዬን ትልቁን ጋን እንደምታገኝ ሲሰማ «እንግዲያ እሷ ምስክር አትሁን» አለና በሌላ ሰው አስቀየረን።

የንባቡ ዕለት ትዕይንት ነበር። በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ አንዱ ምስክር ከሆነ ሁለት ሰው ይበቃል። እሱ ግን «እናንተ ቤት ታሪክ አለ» ብሎ አራት ሰው አስመጣ፤ ቤታችን ድረስ ነው የመጣው፣ ደረጃውን እማዬ ስለረገመችው። የእድሩ ዳኛ ዘንድሮ ቀድመው ተገኙ። ያለፈውን ነግረናቸው አፍረው ነበር። ጠበቃው ሁሉም ከገቡ በኋላ በሩን ዘጋና ወንበር አስደገፈበት። «እስክትፈርሙ ማንም አይወጣም» አለ። አንደኛው ጎረቤታችን ሽንቱ መጥቶበት ነበር። ያዘው። ኑዛዜው ሁለት ጊዜ ተነበበ። መነበቡ ተጻፈ። እማዬ ስሟን ቀስ እያለች ጻፈች፣ አሻራም ጨመረች። ሁሉም ፈረሙ። ጎረቤታችን ወጣ። ቡና ተፈላ። ኑዛዜው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀመጠ፣ ግልባጩ እማዬ ሙዳይ ውስጥ አለ።

መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ችሎት በሌለበት ከሰዓት በኋላ ሂዱ። የልጆቹን ሁሉ ስም፣ የጋብቻ ማስረጃና የቤቱን ካርታ ይዛችሁ ሂዱ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካላችሁ ቤት ይመጣል፤ ግን ራሳችሁ ጠይቁት፣ እሱ አይነግራችሁም። ደረሰኙን በዚያው ቀን ተቀበሉ።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ከሸዋ ሮቢት ደወለ። ወሬ ደርሶታል። ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሄዶ «እማዬ ኑዛዜ ጻፈች አሉ፤ እኔን ምን አለችኝ?» አለኝ። «ፍርድ ቤት ነው ያለው፣ አላየሁትም» ብዬ ዋሸሁት። እማዬ ከጓዳ ስትሰማ ኖሯል።

«ሰንጋው ከ500 ብር በላይ ነው በይው!» ብላ ጮኸች።